«ጸደቀ» ሲባል ማን ነው ያጸደቀው?

ጥያቄ፦ ስለ ወረርሽኝ ስምምነቱ ሳነብ አንዱ ዜና «የዓለም ጤና ጉባኤ ስምምነቱን አጸደቀ» ይላል፤ ሌላው «ስምምነቱ ገና አልጸደቀም» ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ አንድ ሰነድ ነው። የትኛው አማርኛ ትክክል ነው? ስለ ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት ሲጻፍም አንዳንዱ «ፈረደ»፣ አንዳንዱ «አስተያየት ሰጠ» ይላል። ልዩነቱ የአነጋገር ብቻ ነውን?

መልስ፦ ሁለቱን ዘገባዎች ያጋጫቸው አንድ ግስ ለሁለት የተለያዩ የሕግ ተግባራት መዋሉ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገሮች የሚሰበሰቡበት የዓለም ጤና ጉባኤ በሜይ 20 ቀን 2025 ጄኔቫ ላይ ያደረገው፣ አገሮች ከሦስት ዓመት በላይ ሲደራደሩበት የቆየውን ጽሑፍ የመጨረሻ መልክ አስይዞ መቀበል ነው። በዋዜማው በኮሚቴ በተሰጠው ድምፅ 124 አገሮች ደግፈውታል፤ 11 ድምፀ ተአቅቦ አድርገዋል፤ የተቃወመ አልነበረም። ይሁን እንጂ ከእነዚያ 124 አገሮች አንዷም በዚያ ድምፅ ብቻ ግዴታ አልገባችም። የበሽታ አምጪ ተሕዋስያንን ናሙና ስለ መለዋወጥና ከዚያ የሚገኘውን ጥቅም ስለ መካፈል የሚደነግገው አባሪ ገና ድርድር ይቀረው ስለ ነበር፣ ሰነዱ በዚያን ቀን ለፊርማ እንኳ አልቀረበም፤ ከተፈረመ በኋላም ቢሆን በሥራ ላይ የሚውለው 60 አገሮች እያንዳንዳቸው በሕገ መንግሥታቸው ሥርዓት ካጸደቁት በኋላ ነው።

በቋንቋ ሚዛን ብቻ ካየነው «ጉባኤው አጸደቀ» የሚለውን ስሕተት ነው ለማለት አልደፍርም። በጀት ይጸድቃል፣ ቃለ ጉባኤ ይጸድቃል፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም ረቂቅ አዋጅ ያጸድቃል። በእነዚህ ሁሉ የሚመክረው አካልና ሥልጣኑ ያለው አካል አንድ ስለሆነ፣ እጅ ሲወጣ ጉዳዩ ያልቃል። የዓለም አቀፍ ስምምነት ጠባይ ግን ሌላ ነው። ችግኝ ከተተከለና ውሃ ከጠጣ በኋላ ክረምቱን ተሻግሮ ሥር ሲይዝ «ጸደቀ» እንላለን፤ በተከላው ቀን እንዲህ የሚል ገበሬ የለም። ጄኔቫ ላይ የሆነው ተከላው ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም ቃሉን የሚያውለው ለሁለተኛው ደረጃ ነው፤ በአንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 የአገሪቱ ሕግ አካል የሚያደርገው ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸውን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ሲሆን፣ በአንቀጽ 55 ደግሞ የማጽደቁን ሥልጣን ለተወካዮች ምክር ቤት ይሰጣል። ስለዚህ የእኔ ምርጫ «ጉባኤው ስምምነቱን ተቀበለው» ማለትና «አጸደቀ»ን ለአገር መተው ነው።

ጉዳቱን የሚያብሰው ግን «ጸደቀ» የሚለው ቅርጽ ነው። «አጸደቀ» ባለቤት ይጠይቃል፤ «ጸደቀ» ግን አድራጊውን ሰውሮ ማለፍ ያስችላል፤ አርእስት ጻፊዎች የሚወዱትም ለዚሁ ነው። «ስምምነቱ ጸደቀ» ተብሎ ከተጻፈ በኋላ አንደኛው ወገን «እንግዲህ ግዴታችን ሆነ» ሲል፣ ሌላው «የዓለም ጤና ድርጅት ሕግ አወጣብን» ብሎ ይነሣል፤ ሁለቱም ለክርክራቸው የሚያስፈልጋቸውን ያገኙት ከተሰወረው ባለቤት ነው። ልዩነቱ የወረቀት ላይ ብቻ አለመሆኑን የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት ያሳያል። ጉባኤው በሜይ 2003 ተቀበለው፤ በፌብሩዋሪ 2005 በሥራ ላይ ዋለ። አሜሪካ በ2004 ፈርማ እስካሁን ስላላጸደቀችው ከተዋዋዮቹ አይደለችም። ኢትዮጵያም በ2004 ፈርማ ያጸደቀችው በ2014 ነው። በእነዚያ አሥር ዓመታት «ኢትዮጵያ ስምምነቱን አጽድቃለች» ብሎ የጻፈ ቢኖር ሐሰት ጽፏል፤ «ፈርማለች» ያለ ግን እውነቱን ነው።

እዚህ ላይ ይኸው ጉባኤ ከስምምነት ሌላ የሚያወጣውን ደንብ ሳልጠቅስ ብቀር መልሴ አሳሳች ይሆናል። በአገራችን የሕግ እርከን አዋጅ ከላይ፣ ደንብ ከሥሩ፣ መመሪያ ከዚያ በታች ስለሚቀመጥ፣ አንባቢ «ዓለም አቀፍ የጤና ደንቦች» የሚለውን ሲያይ ከስምምነት ያነሰ ነገር አድርጎ ቢገምት አይፈረድበትም። እውነታው ግን በተቃራኒው ነው ማለት ይቻላል። በ2005 የተሻሻሉትና ከጁን 2007 ጀምሮ የሚሠራባቸው እነዚህ ደንቦች ከ190 በላይ ተዋዋዮችን ያስገድዳሉ፤ ለዚህም ፊርማም ሆነ ማጽደቅ አላስፈለጋቸውም። የድርጅቱ መመሥረቻ ሰነድ አንቀጽ 22 እንደሚለው፣ ጉባኤው የተቀበለው ደንብ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ «አልቀበልም» ብሎ ወይም ቅድመ ሁኔታ አስመዝግቦ ካሳወቀ አገር በቀር በሁሉም ላይ ይጸናል። በስምምነት ዝምታ ነጻ ያወጣል፤ በደንብ ዝምታ ያስራል። በጁን 2024 የተደረጉት ማሻሻያዎች በሴፕቴምበር 2025 በሥራ ላይ የዋሉት በዚህ መንገድ ሲሆን፣ አሜሪካ በጁላይ 2025 ማሻሻያዎቹን እንደማትቀበል ማሳወቅ ያስፈለጋትም ዝም ብትል እሺታ ስለሚሆንባት ነው። ስለዚህ ስለ ደንቦቹ ሲጻፍ «አገሪቱ አላጸደቀችም» የሚለው ሐረግ ትርጉም የለውም፤ መባል ያለበት «አልቀበልም ብላለች» ወይም «አልተቃወመችም» ነው።

ከዚሁ ጋር ስለሚሄድ «አወጀ»ንም ላንሣ። በጃንዋሪ 30 ቀን 2020 ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ስለ ኮሮና ያደረጉት ብዙ ጊዜ «ዓለም አቀፍ የጤና አስቸኳይ ጊዜ አወጁ» ተብሎ ተጽፏል። ዋና ዳይሬክተሩ በደንቦቹ አንቀጽ 12 መሠረት የአስቸኳይ ጊዜ ኮሚቴውን ምክር ሰምተው ሁኔታው በዚያ ደረጃ የሚመደብ መሆኑን ይወስናሉ፤ ተከትሎ የሚወጣው ደግሞ ጊዜያዊ ምክረ ሐሳብ ነው፤ አያስገድድም። አዋጅ የምንለው ነገር በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ የኢትዮጵያ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነው፤ ስብሰባ የተከለከለውና ቅጣት የተደነገገው በእሱ ሥር ነው። ለሁለቱም አንድ ግስ ከዋለ፣ ክልከላውን ያወጣው ጄኔቫ ይሁን አዲስ አበባ ለአንባቢ አይለይለትም። «አስቸኳይ ሁኔታ መሆኑን አስታወቁ» ቢባል ይበቃል።

ወደ ፍርድ ቤቱ ስመጣ፣ ልዩነቱ የአነጋገር ብቻ አይደለም። ሄግ የሚገኘው ፍርድ ቤት በሁለት አገሮች መካከል ያለን ክርክር ሲዳኝ ፍርዱ ተከራካሪዎቹን ያስገድዳል፤ «ፈረደ» የሚባለውም እዚያ ነው። የተባበሩት መንግሥታት አካል ወይም የተፈቀደለት ድርጅት የሕግ ጥያቄ ሲያቀርብለት ግን የሚሰጠው የምክር አስተያየት ነው። ችግሩ «አስተያየት» በዕለት ተዕለት አማርኛችን ማንም መንገደኛ የሚሰጠው ቀላል ነገር መሆኑ ነው፤ «ፍርድ» ቢሉት ያገንነዋል፣ «አስተያየት» ብቻ ቢሉት ያኮስሰዋል። «የምክር» የሚለውን ቃል መጣል የለብንም የምለው ለዚህ ነው።

ያ ምክር ምን ያህል እንደሚመዝን የአሌክሳንድርያው ጉዳይ ያሳያል። ግብፅ በ1979 ከእስራኤል ጋር የሰላም ውል ስትፈርም፣ የተቆጡት የአረብ አገሮች የዓለም ጤና ድርጅት የምሥራቅ ሜዲትራንያን ክልላዊ ጽሕፈት ቤት ከአሌክሳንድርያ እንዲነሣ ጠየቁ። ነገሩ ስለ ክትባት ወይም ስለ ሆስፒታል አልነበረም፤ ፖለቲካ ነበር፤ ጉባኤው ግን ድርጅቱ ከግብፅ ጋር በ1951 የገባው ስምምነት ምን እንደሚያስገድድ ፍርድ ቤቱን ጠየቀ። ፍርድ ቤቱ በዲሴምበር 1980 በሰጠው የምክር አስተያየት፣ ጽሕፈት ቤቱ ይነሣ ወይም ይቅር አላለም፤ ድርጅቱና ግብፅ በቅን ልቦና መመካከር፣ ዝውውር ቢኖርም በቂ ጊዜ መስጠት እንዳለባቸው ገለጸ። ጽሕፈት ቤቱም ለዓመታት እዚያው ቆየ። ይህን «ፍርድ ቤቱ ለግብፅ ፈረደ» ብሎ መጻፍ ያልተባለውን ማስባል ነው።

«ውድቅ አደረገ»ም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። ድርጅቱ የኑክሌር መሣሪያን በጦርነት መጠቀም ከጤናና ከአካባቢ ጉዳት አንጻር ሕግን ይጥስ እንደሆነ ጠይቆ፣ ፍርድ ቤቱ በጁላይ 8 ቀን 1996 በ11 ድምፅ በ3 መልስ ከመስጠት ተቆጠበ። ምክንያቱ የመሣሪያው ጤና ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የድርጅቱ ሥራ ቢሆንም፣ የአጠቃቀሙ ሕጋዊነት ግን ከሥራው ወሰን ውጭ ነው የሚል ነበር። በዚያው ቀን ተመሳሳይ ጥያቄ ላቀረበው ለተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ መልስ ሰጥቷል። ስለዚህ «የዓለም ጤና ድርጅትን የኑክሌር ክስ ውድቅ አደረገ» የሚል ዓረፍተ ነገር ክስ ያልነበረውን ክስ ያደርገዋል፤ በነገሩ ላይም ፍርድ የተሰጠ ያስመስላል። «ጥያቄው ከድርጅቱ የሥራ ወሰን ውጭ ነው በማለት አስተያየት ሳይሰጥበት ቀረ» የሚለው ይረዝማል፤ ግን የሆነው እሱ ነው።