ኦሃዮ ስቴት ከቴክሳስ፦ ከቅዳሜው የመክፈቻ ጨዋታ በፊት የጠየቃችሁኝ

ቅዳሜ ነሐሴ 24 ቀን፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 30 ቀን 2025፣ በአሜሪካ ኮሌጆች እግር ኳስ የአምናው ሻምፒዮን የሆነው የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቡድን የውድድር ዘመኑን እዚሁ ኮሎምበስ ውስጥ ከቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ይከፍታል። ይህን ቡድን ለዓመታት ስከታተል የኖርኩ ሰው ነኝና የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብያችሁ ነበር። ጥያቄው ከጠበቅሁት በላይ ጎረፈ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ገና የመጀመሪያው ጨዋታ ነው። ከተማው እንዲህ የሚንጫጫው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ትልልቅ ቡድኖች የውድድር ዘመናቸውን የሚከፍቱት አብዛኛውን ጊዜ ከደካማ ቡድን ጋር ነው፤ ለማሟሟቂያ ያህል። የዘንድሮው ግን ሌላ ነው። የዜና ድርጅቱ አሶሼትድ ፕሬስ ባወጣው የቅድመ ውድድር ደረጃ ቴክሳስ 1ኛ፣ ኦሃዮ ስቴት 3ኛ ናቸው። ቴክሳስ በዚህ ሠንጠረዥ 1ኛ ሆኖ የውድድር ዘመን ሲጀምር በታሪኩ የመጀመሪያው ነው።

በዚያ ላይ ያላለቀ ሒሳብ አለ። ባለፈው ጥር በአርሊንግተን ከተማ በተደረገው የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ ኦሃዮ ስቴት 21 ለ 14 እየመራ ሳለ፣ ቴክሳስ ከግብ መስመሩ አንድ ያርድ (ከአንድ ሜትር ትንሽ ያነሰ) ብቻ ቀርቶት ነበር። አራት ሙከራ፣ አንድ ያርድ! በሁለተኛው ሙከራ ኳሱን ወደ ጎን አውጥተው ለመሮጥ ሲሞክሩ ሰባት ያርድ ወደ ኋላ ተገፉ። በአራተኛው የኦሃዮ ስቴቱ ተከላካይ ጃክ ሶየር የቴክሳሱን ኳርተርባክ (አጥቂውን ክፍል የሚመራውንና ኳሱን የሚወረውረውን ተጫዋች) ኩዊን ዩዋርስን ከኋላ ደርሶ ኳሱን አስጣለው፤ ራሱ አንሥቶም 83 ያርድ ሮጦ አገባ። ሁለቱ ልጆች ዩዋርስ ኦሃዮ ስቴት በነበረበት ጊዜ አንድ ክፍል ይኖሩ ነበር። ጨዋታው 28 ለ 14 አለቀ። ከአሥር ቀን በኋላ፣ ጥር 12፣ የቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ኦሃዮ ስቴት ኖተር ዳምን አትላንታ ላይ 34 ለ 23 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። የቴክሳስ ሰዎች ያንን አንድ ያርድ እስከ ዛሬ እንዳልረሱት አልጠራጠርም።

ጥያቄ፦ ልጄ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲው ገብታለች። አብሬያት ልመለከት እፈልጋለሁ፤ ግን ጨዋታው ጨርሶ አይገባኝም። በቀላሉ ቢያስረዱኝ?

መልስ፦ እንኳን ደስ አለዎት፣ እናቴ። እንደ እኛ እግር ኳስ አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ነው። ኳሱን የያዘው ቡድን አሥር ያርድ ለመራመድ አራት ዕድል (ሙከራ) ይሰጠዋል፤ ከተራመደ አራቱ ዕድል እንደገና ይታደሳል፤ ካልተራመደ ኳሱ ለተጋጣሚው ይሄዳል። ኳሱን ይዞ የመጨረሻውን መስመር ማለፍ ታችዳውን ይባላል፤ 6 ነጥብ ነው፤ ከዚያ በእግር መትቶ አንድ ነጥብ ይጨመርበታል። ከሩቅ በእግር መትቶ በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል ማሳለፍ 3 ነጥብ ነው። ለመጀመሪያው ቀን ይህ ይበቃዎታል። አንድ ነገር ብቻ ይጨምሩ፦ ተጋጣሚው ሦስተኛ ዕድሉ ላይ ሲደርስ ሰዉ ሁሉ ተነሥቶ ይጮኻል፤ እርስዎም ይጩኹ።

ጥያቄ፦ አርክ ማኒንግ በእርግጥ የሚወራለትን ያህል ነው?

መልስ፦ የቴክሳሱ አዲስ ኳርተርባክ ስመ ጥር ኳርተርባክ የነበረው የአርቺ ማኒንግ የልጅ ልጅ፣ እንደ አባታቸው ስመ ጥር የነበሩት የፔይተንና የኢላይ የወንድም ልጅ ነው፤ ስለዚህ ስሙ ከእሱ ቀድሞ ደርሷል። አምና ዩዋርስ ሲጎዳ ሁለት ጨዋታ በመደበኛ ተሰላፊነት ጀምሮ ጥሩ ተጫውቷል። ክንዱ ጠንካራ ነው፣ እግሩም ይሮጣል። ነገር ግን ሁለቱም ጨዋታዎች በቴክሳስ ሜዳ ነበሩ። ከመቶ ሺህ በላይ ሰው በሚጮኽበት የባላጋራ ሜዳ ጨዋታ ጀምሮ አያውቅም። ልጁን አከብረዋለሁ፤ የሚያሳስበኝ እሱ ሳይሆን ከፊቱ የሚቆሙት ናቸው። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ጥያቄ፦ የእኛስ ኳርተርባክ?

መልስ፦ ጁሊያን ሴይን ይባላል፤ የካሊፎርኒያ ልጅ ነው። መጀመሪያ የሄደው ወደ አላባማ ነበር፤ አሰልጣኙ ኒክ ሴባን ጡረታ ሲወጡ ወደ ኮሎምበስ ዞረ። አምና በሙሉ የወረወረው 12 ኳስ ብቻ ነው። ዋና አሰልጣኛችን ራያን ዴይ የመረጡት ከሌላው ኳርተርባክ ከሊንከን ኪንሆልዝ ጋር ለወራት ካፎካከሩት በኋላ ነው። ኳሱ ከእጁ ቶሎ ይወጣል፤ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። የቴክሳሶቹ ተከላካዮች አንተኒ ሂልና ኮሊን ሲመንስ ኳስ ይዞ የሚያመነታን ሰው አይምሩም።

ጥያቄ፦ ጄረማያ ስሚዝ እያለ ምን ያሳስበናል?

መልስ፦ ኳስ ተቀባያችን ስሚዝ አምና ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኖ 76 ኳስ ይዞ 1,315 ያርድ ተራምዷል፤ 15 ታችዳውንም አግብቷል። በዚያ የጥር ጨዋታ ግን ቴክሳስ ምን ያህል ፈቀደለት? አንድ ኳስ፣ ሦስት ያርድ። ሁልጊዜ ሁለት ሰው ያጅበው ነበር። ቅዳሜም ይህንኑ እንደሚሞክሩ እጠብቃለሁ። ስለዚህ ዓይናችሁን ሌላው ኳስ ተቀባያችን ካርኔል ቴት ላይ ጣሉ። ሁለት ሰው ስሚዝን ሲያጅብ ቴት ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ይቀራል፤ ለሴይን ከዚህ የተሻለ ዕድል የለም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ጨዋታው የሚወሰነው የት ነው ይላሉ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ የላከልኝን ወንድም አመሰግናለሁ፤ ጋዜጠኛው ሁሉ ስለ ማኒንግ ሲያወራ የሚረሳው ይህንኑ ነውና። ጨዋታው የሚወሰነው በፊት መስመር ነው፤ ካሜራ በማያሳያቸው፣ ከ130 ኪሎ በላይ በሚመዝኑት ልጆች።

ቴክሳስ ኳርተርባኩን ከሚጠብቁት አምስት መደበኛ ተሰላፊዎቹ አራቱን አጥቷል። ከሁሉ በላይ የጎደለው ኬልቪን ባንክስ ነው፤ የፕሮፌሽናሎቹ ሊግ ኤንኤፍኤል በየዓመቱ ከኮሌጅ ተጫዋቾች በሚያደርገው ምርጫ በ9ኛ ደረጃ ተመርጦ ወደ ኒው ኦርሊንስ ቡድን ሄዷል። እሱ የሚቆመው በግራ ጠርዝ ነበር። በቀኝ እጁ የሚወረውር ኳርተርባክ ለመወርወር ሲዞር ጀርባውን የሚሰጠው ወደዚያ ጠርዝ ስለሆነ፣ እዚያ የሚቆመው ሰው ዓይኑ ማለት ነው። አሁን እነዚህ አዲስ ልጆች በመጀመሪያ ጨዋታቸው ኮሎምበስ ይመጣሉ። ጩኸቱ ሲበረታ እርስ በርስ አይሰማሙም፤ አንዱ ያለጊዜው ከተንቀሳቀሰ 5 ያርድ ቅጣት አለ። ለዚህ ነው ጩኹ የምላችሁ፤ ጩኸታችሁ በያርድ ይለካል።

የእኛም ቤት ግን ሙሉ አይደለም፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ አዳላሁ ማለት ነው። ከአምናው ቡድን 14 ተጫዋቾች በአንድ ምርጫ ወደ ኤንኤፍኤል ሄደዋል። ከተከላካይ ክፍሉ የፊት መስመር አራቱም መደበኛ ተሰላፊዎች የሉም፤ ሶየርም ጭምር። የተከላካይ ክፍሉ አሰልጣኝ ጂም ኖውልስ ወደ ፔን ስቴት ሄደው በምትካቸው ማት ፓትሪሺያ መጥተዋል። ፓትሪሺያ በኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ ሦስት ሱፐር ቦውል (የኤንኤፍኤል ዋንጫ) ያሸነፉ፣ የዲትሮይትን ቡድን በዋና አሰልጣኝነት የመሩ ሰው ናቸው፤ በትምህርታቸው የአውሮፕላን ምህንድስና ያጠኑ ናቸው። ከኋላ ደግሞ ኬሌብ ዳውንስ አለ። በእኔ ግምት በኮሌጅ እግር ኳስ ከእሱ የሚሻል ተከላካይ የለም። ፓትሪሺያ አሰላለፉን እያቀያየሩ ማኒንግን ያወናብዱታል ብዬ እጠብቃለሁ፤ ወጣት ኳርተርባክ ያየውን ማመን ሲያቅተው ኳሱን ይዞ ይቆያል፤ ያን ጊዜ የፊት መስመሩ ድካም ይታያል።

ጥያቄ፦ ከተሸነፍንስ? ዋንጫው አበቃ?

መልስ፦ አላበቃም። ከአምና ጀምሮ የማጣሪያው ውድድር 12 ቡድኖችን ያሳትፋል። አምና ኦሃዮ ስቴት በኦሬገን 32 ለ 31፣ እዚሁ ቤቱ ደግሞ በሚሺጋን 13 ለ 10 ተሸንፎ ነበር። ከሚሺጋኑ ሽንፈት በኋላ ራያን ዴይ ይባረሩ ያለው ሰው ብዛት ለጉድ ነበር። ያው ቡድን ነው ዋንጫውን ያነሣው።

ጥያቄ፦ እነዚህ ተማሪዎች ይከፈላቸዋል?

መልስ፦ አዎ። ካለፈው ሰኔ 24 ቀን፣ በፈረንጆቹ ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲዎች ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ መክፈል ተፈቅዶላቸዋል፤ የዘንድሮው (የ2025–26 የውድድር ዘመን) ጣሪያ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። የማስታወቂያ ገቢው ከዚህ ውጭ ነው።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ነኝ፤ በስንት ሰዓት ነው?

መልስ፦ በኮሎምበስ እኩለ ቀን ላይ ስለሚጀመር ለአዲስ አበባ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ለሪያድም ለቴል አቪቭም ሰዓቱ ያው ነው። አሜሪካ ያላችሁ በፎክስ ቴሌቪዥን ታገኙታላችሁ። እኩለ ቀን የሆነውም ፎክስ የሳምንቱን ትልቁን ጨዋታ በዚያ ሰዓት ስለሚያሳይ ነው።

ጥያቄ፦ ከዳላስ እየመጣሁ ነው፤ የቴክሳስ ደጋፊ ነኝ። ልብሴን ለብሼ ብመጣ ችግር አለው?

መልስ፦ በሰላም ና፣ ወንድሜ። ብርቱካናማው ልብስህ ከቀይ ለባሾቹ ባሕር ውስጥ ከሩቅ ይታያል፤ ይቀልዱብሃል፤ ከዚያ በላይ ነገር አትጠብቅ። በፈረንጆቹ 2005 የአንተ ሰዎች እዚሁ መጥተው 25 ለ 22 አሸንፈው ሄደዋልና የምትመልሰው አታጣም። ከቅዳሜው ጨዋታ በፊት አራት ጊዜ ተገናኝተው ሁለት ለሁለት ናቸው።

ጥያቄ፦ ከልጆቼ ጋር ነው የምመጣው። ምን ላዘጋጅ?

መልስ፦ ቦርሳ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ መሆን አለበት፤ ሌላው በር ላይ ይመለሳል። ስታዲየሙ 102,780 ሰው ይይዛልና በማለዳ ውጡ። ፍልሰታ ተፈትቷል፤ ስለዚህ ከጨዋታው በፊት መኪናው አጠገብ ጥብስ ብታወጡ የጎረቤት ፈረንጅ ሁሉ ሽታውን ተከትሎ ይመጣል፤ ደርሶብኝ አውቃለሁ። ልጆቹ የሙዚቃ ባንዱን እንዳያመልጣቸው አደራ፤ እየተራመዱ «Ohio» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል በሜዳው ላይ ይጽፋሉ፤ በመጨረሻ በ«i» ፊደል አናት ላይ ያለችውን ነጥብ የሚያኖረው ትልቁን የነሐስ መለከት የተሸከመው ልጅ ነው።

ጠዋት ደግሞ የሊ ኮርሶ ስንብት አለ። የ90 ዓመቱ ሽማግሌ በቴሌቪዥን የሚያሸንፈውን ቡድን የመለያ አሻንጉሊት ራስ በመልበስ መተንበይ የጀመሩት በፈረንጆቹ 1996 እዚሁ ኮሎምበስ ነበር፤ የሚያበቁትም እዚሁ ነው። እኔ ለዚህ ስል ብቻ ከንጋቱ እወጣለሁ።

ጥያቄ፦ በመጨረሻ ውጤቱን ይገምቱልን።

መልስ፦ ብዙ ነጥብ አይቆጠርም። ሁለቱም ኳርተርባኮች አዲስ ናቸው፣ ሁለቱም ተከላካይ ክፍሎች ጠንካራ ናቸው። የመጀመሪያው ግማሽ ያስጨንቀናል። በአራተኛው ክፍለ ጊዜ የቴክሳስ የፊት መስመር ይደክማል፤ ዳውንስም አንድ ኳስ ይነጥቃል። ኦሃዮ ስቴት 20፣ ቴክሳስ 17።