ፖስተሩ ሰማያዊ ሆኖ የወጣው በማሽኑ ጥፋት አይደለም

ወንድሜ፣ 50 በ75 ሳንቲ ሜትር የሆነውን፣ የታጠፈውን የድሮ የአየር መንገድ ፖስተር በስልክ አንስተህ ደሴ ባነር ቤት ብታሳትመው ሰማያዊ ሆኖ፣ ሰማዩም ላይ ሞገድ የመሰለ መስመር ይዞ ወጣብኝ፤ ማሽኑ ይሆን ወይ ብለሃል። ማሽኑን ተወው፤ ችግሩ ፋይሉና የፖስተሩ ዕድሜ ላይ ነው።

መጀመሪያ ፖስተሩን በማጉያ መነጽር እየው። እንደ አሸዋ የተበተነ ቀለም ካየህ በድንጋይ የታተመ ሊቶግራፍ ነው። በሥርዓት የተደረደሩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ካየህ በማተሚያ ቤት ማሽን የታተመ ኦፍሴት ነው። ያንተ ኦፍሴት ይመስላል፤ ሞገዱ የሚፈጠረው እነዚያ ነጠብጣቦች ከካሜራው ፒክስል ጋር ሲጋጩ ነውና። በዚያ ላይ የ12 ሜጋ ፒክስል ስልክ 75 ሳንቲ ሜትሩን ሲሸፍን 137 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 137 ነጥብ) ብቻ ይሰጥሃል፤ ለዚህ መጠን አይበቃም።

ስለዚህ ስካን አድርገው። ኤ4 ስካነር ይበቃል። ክዳኑን ንቀልና 3 በ3፣ በጠቅላላው 9 ቁራጭ፣ እርስ በርስ 4 ሳንቲ ሜትር እያደራረብክ በ600 ዲፒአይ አንሳ። «አውቶ» የሚለውን ሁሉ አጥፋ፤ ካልሆነ እያንዳንዱ ቁራጭ የራሱ ብርሃን ይኖረውና ሲገጣጠም ሰማዩ የተጣጣፈ ጨርቅ ይመስላል። ምስሉን በማያበላሸው የፋይል ዓይነት፣ በቲፍ (TIFF) አስቀምጥ።

እጥፋቱን በካውያ እንዳትተኩሰው! ከላዩ 4 ሚሊ ሜትር መስታወት ጫንበት። ስስ የሆኑት ስካነሮች ከመስታወታቸው ትንሽ ከፍ ያለውን ሁሉ ያደበዝዙታል። የእጥፋቱ ጥላ ካስቸገረህ ያንን ቁራጭ ፖስተሩን ገልብጠህ (እግሩን በራስጌው በኩል አዙረህ) ደግመህ አንሳው፤ ኮምፒውተር ላይ መልሰህ አቅናና ሁለቱን በ50 ፐርሰንት ደራርባቸው። መብራቱ ከአንድ ወገን ስለሚመጣ ጥላዎቹ ይጠፋፋሉ።

ከገጣጠምክ በኋላ ነጠብጣቡ እስኪጠፋ ጋውሺያን ብለር በሚባለው የፎቶ ፕሮግራም ማደብዘዣ 2 ፒክስል አካባቢ አደብዝዝ፣ ከዚያ ወደ 300 ዲፒአይ አውርድ፣ በመጨረሻ ትንሽ ሻርፕ አድርግ (አጥራው)። ቅደም ተከተሉን አትለውጥ፤ ቀድመህ ካሳነስከው ሞገዱ ሥዕሉ ውስጥ ይቀራል።

ሰማያዊነቱ የዕድሜ ነው። ብርሃን ቀይና ቢጫውን ቀድሞ ይበላል፣ ሰማያዊና ጥቁሩ ይተርፋሉ። ፍሬም ሸፍኖት የኖረ ጠርዝ ካለ እውነተኛው ቀይ እዚያ አለ፤ ከርቭ በሚባለው የቀለም ማስተካከያ ወደዚያ አምጣው። ወረቀቱን ግን ነጭ አታድርገው፤ ትንሽ ቢጫነት ካልቀረለት ትናንት የታተመ ማስታወቂያ ይመስላል።

ለኅትመት የባነር ፕላስቲክ ይቅር። የፒግመንት ቀለም (በብርሃን ቶሎ የማይለቀውን)፣ የማያብለጨልጭ 200 ግራምና ከዚያ በላይ ወረቀት ጠይቅ። ሙሉውን ከማሳተምህ በፊት ሰማዩንም ቀዩንም የያዘ 10 በ20 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ አሳትምና በማግስቱ መስኮት ዳር እየው።

ክረምት ላይ ደግሞ የደሴ ጉም ወረቀት አይምርም። ኮምቦልቻ ታትሞ የወጣ ኅትመት በአንድ ቀን ጠርዙ ሊሞገድ ይችላል፤ በፕላስቲክ ጠቅልለህ አምጣው፣ ፍሬም ከመግባቱ በፊት ቤት ውስጥ አንድ ቀን ይደር።

ለመሸጥ ካሰብክ አስቀድመህ አስፈቅድ። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሠዓሊው መብት ካረፈ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል፤ ዓርማውም የአየር መንገዱ ነው።

ፍሬም ቤቱ አራቱንም ጠርዝ በማስቲሽ እንዳይለጥፈው ንገረው። ከላይ ሁለት ቦታ ብቻ ይያዝ፣ ከመስታወቱም 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ይራቅ፤ ወረቀቱ እርጥበት ጠጥቶ ሲሰፋ የሚሄድበት ያስፈልገዋል።