የምድር ሙቀት ለሱሉልታ ብርድ፦ ጥያቄና መልስ

ጉድጓድ በማስቆፈርና የማቀዝቀዣ መሣሪያ በመትከል ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ከሱሉልታ፣ ከለገጣፎና ከአቃቂ ሰዎች ተሠርቶ ያለቀ ቤት በምድር ሙቀት ሊሞቅና ሊቀዘቅዝ ይችል እንደሆነ ስለጠየቁኝ፣ የደረሱኝን እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ፍል ውኃ መሐል ከተማ እየፈላ ለምን በቧንቧ ወደየቤታችን አይመጣም? አይስላንዶች ያደርጉታል ይባላል።

መልስ፦ እውነት ነው፤ ሬይክያቪክ ውስጥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1930 ጀምረውታል። የእኛ ፍል ውኃ ግን የምድርን ስንጥቅ ተከትሎ በጠባብ ቦታ የሚወጣ ነው፤ እንጦጦን አሻግሮ ሱሉልታ ማድረስ የማይታሰብ ነው። በስምጥ ሸለቆ ያለው የአሉቶ ላንጋኖ እንፋሎትም ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ከጠለቁ ጉድጓዶች የሚወጣ፣ ኤሌክትሪክ ለሚያመነጭ ተርባይን የሚሆን ነው። ለቤት የሚሆነው ከግቢያችን ሥር ያለው ተራ መሬት ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ለብ እንኳ ያላለ አፈር እንዴት ቤት ያሞቃል?

መልስ፦ እማማ፣ የፍሪጅዎን ጀርባ ይንኩት፤ ይሞቃል። ከምግቡ የወሰደውን ሙቀት ነው በጀርባው የሚተፋው። የሙቀት ፓምፕም ሥራው ያው ነው፤ በምግቡ ፋንታ፣ በተቀበረ ቧንቧ ውስጥ በሚዞር ውኃ አማካይነት ከመሬቱ ወስዶ ወደ ክፍሉ ያፈሳል። ከ10 ሜትር በታች የመሬት ሙቀት በክረምትም በበጋም እምብዛም አይለወጥም፤ ከአካባቢው ዓመታዊ አማካይ ጋር ይቀራረባል። ለአዲስ አበባ 16 ዲግሪ ግድም ነው፤ ሱሉልታ ከፍታ ላይ ስለሆነች ዝቅ ይላል። በኅዳር ሌሊት ደጁ ሲበርድ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። መሣሪያው 1 ኪሎዋት ኤሌክትሪክ ወስዶ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ሙቀት ይሰጣል። 6 ኪሎዋት የሚያሞቀው የሚስበው ከእንጀራ ምጣድዎ ግማሽ ያህሉን ነው።

ጥያቄ፦ ግቢዬ 200 ካሬ ነው። ቧንቧውን የት እቀብራለሁ?

መልስ፦ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ቆፍሮ ቧንቧውን ወደ ጎን መዘርጋት ነው፤ ሰፊ ግቢ ይፈልጋል፣ በጥቁር አፈር ላይ ደግሞ አልመክርም። እኔ ራሴ በአቃቂ በኩል የውኃ ቧንቧ በጥቁር አፈር ቀብሬ በበጋ አፈሩ ተሰነጣጥቆ እጄን የሚያስገባ ክፍተት አየሁ። አፈሩ ከቧንቧው ከራቀ ሙቀት አይተላለፍም። ሌላው ቀጥ ያለ ጉድጓድ ነው፤ 100 ሜትር ጥልቀት በግምት 5 ኪሎዋት ይሰጣል። ውኃ ማግኘት ግዴታ አይደለም፤ የተዘጋ የፕላስቲክ ቧንቧ ይገባና ዙሪያው ይደፈናል። ገንዘቡን የሚበላው ቁፋሮው ነው፤ ዐለቱ ጠንካራ ነውና።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው።

መልስ፦ ብቻዎን አይሆንም። ምድሩ የጋራ ነው።

ጥያቄ፦ የአቃቂው ሱቄ በመጋቢት ቀትር ይግላል። ማቀዝቀዝስ?

መልስ፦ እዚህ ላይ የእኛ ምድር ይበልጥ ለጋስ ነው። ኮምፕረሰሩን (ብዙ ኤሌክትሪክ የሚበላውን የመሣሪያውን ሞተር) ሳያስነሱ፣ ውኃውን በመሬት ውስጥ የምታዞር ትንሽ ፓምፕ ብቻ ብዙ ታበርዳለች። ግን ሌሊቱ ቀዝቃዛ በሆነበት አገር ማታ የአየር ማስገቢያውን ከፍቶ ማደር ይቀድማል፤ ወጪ የለውም።

ጥያቄ፦ ነባር ቤት ላይ ትልቁ ችግር ምንድን ነው?

መልስ፦ አውሮፓ ውስጥ ነባር ቤት ሲባል ቧንቧና ራዲያተር (ሙቅ ውኃ የሚዞርበት የክፍል ማሞቂያ) ቀድሞ የተዘረጋለት ነው፤ ማሞቂያውን ብቻ ይለውጣሉ። የእኛ ቤት ግን ብሎኬት፣ ቆርቆሮና አንድ የከሰል ምድጃ ነው። ስለዚህ ከመሣሪያው ሌላ የወለል ቧንቧ ወይም ሙቅ አየር የሚነፋ መሣሪያ መግዛት ግድ ይላል። ከሁሉ የከፋው ጣራው ነው፤ ደመና በሌለበት ሌሊት ቆርቆሮ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል፣ ከአየሩም በታች ይቀዘቅዛል። ኮርኒስ የሌለውን ቤት በምድር ሙቀት ማሞቅ በወንፊት ውኃ መቅዳት ነው። (ከሰሉን በተመለከተ፦ በር ዘግቶ አጭሶ መተኛት ገዳይ ነው፤ ጭሱ ባይታይም።)

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋስ?

መልስ፦ ይቆማል። የተያዘው ሙቀት እስከ ንጋት መቆየቱም የግድግዳና የኮርኒስ ጉዳይ ነው።

ጥያቄ፦ አንተስ ቤትህ አስገብተሃል?

መልስ፦ ገና። ኮርኒስ አሠርቻለሁ፤ በቆርቆሮውና በግድግዳው መሐል ያለውንም ክፍተት ደፍኛለሁ። ባለቤቴ የመታጠቢያ ቤቱን መስኮት ትቆጥርብኛለች፤ ልክ ናት፣ እስካሁን ንፋስ ያስገባል።