ሳምንታዊ የቪዲዮ ጨዋታ ውድድር ስለማዘጋጀት፦ ጥያቄና መልስ

የአንድ ለአንድ የፍልሚያ ጨዋታ ወዳጆች በአካል የሚገናኙበትን ሳምንታዊ ውድድር ለዓመታት ሳዘጋጅ ቆይቻለሁ። ተመሳሳይ ነገር ለመጀመር ያሰባችሁ ብዙ ጥያቄ አቅርባችሁልኛል፤ የምችለውን ያህል እመልሳለሁ። አንድ ሐሳብ ደጋግሜ ስለማነሣ አስቀድሜ ልናገረው፦ ምሽቱን ስታቅዱ መጀመሪያ ተሸንፎ የሚወጣውን ሰው አስቡ። አሸናፊው ማንም ባይጋብዘውም ይመጣል።

ጥያቄ፦ እኛ ስድስት ብቻ ነን። ለመጀመር ስንት ሰው ያስፈልጋል?

ስድስት ይበቃል። ሁሉም ከሁሉም ቢጋጠም 15 ግጥሚያ ይሆናል፤ ሁለት ቴሌቪዥን ካላችሁ ምሽቱ ይሞላል። ዛሬ በፍልሚያ ጨዋታዎች ስሙ የገነነው ኢቮ የተባለው ውድድር እንኳን እ.ኤ.አ. በ1996 በካሊፎርኒያ በሌላ ስም ሲጀመር ተወዳዳሪዎቹ 40 ነበሩ። ከቁጥሩ ይልቅ አጥብቄ የምለምናችሁ ቀኑን እንዳታዛውሩ ነው። ሐሙስ ካላችሁ ሁልጊዜ ሐሙስ፣ ሰዓቱም ያው፣ ቦታውም ያው ይሁን። ሦስት ሰው ብቻ በሚመጣበት ቀንም በሩን ክፈቱ። አንድ ቀን መጥቶ ተዘግቶ ያገኘ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ደውሎ ያጣራል፤ ቆይቶ ማጣራቱም ይሰለቸዋል።

ጥያቄ፦ 16 ተጫዋቾች አሉን። የትኛውን የውድድር ዓይነት ትመክራለህ? እስካሁን የምናውቀው ሁለት ጊዜ የተሸነፈ የሚሰናበትበትን ነው።

በሁለት ሽንፈት የሚያሰናብተው ጥሎ ማለፍ የዚህ ጨዋታ ሰዎች የቆየ ልማድ ነው፤ ለትልቅ ውድድር እኔም እወደዋለሁ። አንድ መጥፎ ግጥሚያ ጥሩ ተጫዋች አያስቀርበትም። ለሳምንታዊ ምሽት ግን እስቲ እናስላው። 16 ሰው ሲወዳደር በድምሩ 30 ወይም 31 ግጥሚያ ይካሄዳል፤ ከእነዚህ ሰዎች አራቱ ግን ሁለት ጊዜ ብቻ ተጫውተው ይሰናበታሉ። አራቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ የመጡት ናቸው። ያን ሁሉ መንገድ መጥተው፣ ከፍለው፣ ጥቂት ደቂቃ ተጫውተው የቀረውን ሰዓት የሌላውን ጀርባ ሲመለከቱ ያመሻሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ለምን ቀሩ ብሎ መገረም አይገባም።

እነዚያኑ 16 ሰዎች በአራት ምድብ ክፈሏቸው። በየምድቡ ስድስት ግጥሚያ፣ በድምሩ 24 ይሆናል። ከየምድቡ ሁለት ሁለት ያልፉና ስምንቱ አንድ ጊዜ የተሸነፈ በሚሰናበትበት ጥሎ ማለፍ ሲጋጠሙ ሰባት ይጨመራል። ድምሩ ያው 31 ነው፤ ነገር ግን ከሦስት ግጥሚያ በታች ተጫውቶ የሚሄድ አይኖርም። ከዚህም አብልጬ የምወደው የስዊስ ሥርዓትን ነው። በየዙሩ እኩል ውጤት ያላቸው ይገናኛሉ፤ አራት ዙር ሲጠናቀቅ ከ16ቱ መካከል ሁሉንም ያሸነፈ አንድ ሰው ይለያል፣ እያንዳንዱም አራት ጊዜ ይጫወታል። በመጀመሪያው ዙር በኃይለኛ ተጫዋች የተደቆሰ ጀማሪ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ አቻውን ያገኛል። አንዲት ድል ይዞ ወደ ቤቱ የገባ ሰው ይመለሳል።

ድልድሉን ስታወጡ ጠንካሮቹን በየምድቡ በትኗቸው። አብረው የመጡ ጓደኛሞችንም ለያዩ፤ እርስ በርስ መጫወትማ ቤታቸውም ይችላሉ። አንድ ቴሌቪዥን ደግሞ ከውድድሩ ውጪ ለወዳጅነት ጨዋታ ብቻ ይቀመጥ። ውድድሩ ቢዘገይም፣ ተጫዋቾች ቢወተውቱም እሱን አትንኩ። የተሰናበተው ሰው የሚቆየው እሱ ስላለ ነው።

ጥያቄ፦ አሁን በኢንተርኔት መጫወት እንደ ድሮ አያስቸግርም። ሰው ለምን ከቤቱ ይወጣል?

እ.ኤ.አ. በ2001 ጌምኪዩብ ለተባለው የኒንተንዶ መጫወቻ ማሽን የወጣው ሱፐር ስማሽ ብራዘርስ ሚሊ የተባለ የፍልሚያ ጨዋታ በኢንተርኔት የመጫወቻ መንገድ አልነበረውም። ተጫዋቾቹ ባለ ጀርባ ከባድ ቴሌቪዥኖችን እየተሸከሙ፣ አንዱ የሌላው ቤት እየሄደ ሁለት አሥርት ዓመታት ያህል አቆዩት። እ.ኤ.አ. በ2020 የጨዋታው ወዳጆች ራሳቸው በሠሩት ፕሮግራም በኢንተርኔት ያለ ችግር መጫወት ተቻለ፤ መሰባሰቡ ግን አልቀረም። በኢንተርኔት ያሸነፈህ ሰው ከማያህ ላይ ወዲያው ይጠፋል። በአካል ያሸነፈህ ግን አጠገብህ ተቀምጧል፤ «ያንን ምት እንዴት መከላከል እችል ነበር?» ብትለው እንደገና እየመታ ያሳይሃል። እኔ ነባር ተጫዋቾችን በግልጽ እጠይቃለሁ፦ አዲስ ሰው ካሸነፋችሁ ሳትነሡ አንድ ነገር አሳዩት። ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ያደርጉታል፤ ቀድሞ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

ጥያቄ፦ ተጫዋቾች «ይህ ቴሌቪዥን ይዘገያል» ይላሉ። እውነት ነው ወይስ የሽንፈት ሰበብ?

አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። እነዚህ ጨዋታዎች በሰከንድ 60 ምስል ያሳያሉ፤ አንዱ ምስል የሚቆየው 16.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ምስሉን ለማሳመር የሚደክም ቴሌቪዥን ከዚያ በብዙ እጥፍ ሊዘገይ ይችላል፤ የሦስት ወይም የአራት ምስል መዘግየት ደግሞ መከላከል የሚቻለውን ምት የማይቻል ያደርገዋል። በቴሌቪዥኑ ቅንብር ውስጥ ለጨዋታ የተዘጋጀውን አማራጭ አብሩ። ከተቻለ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁኑ።

ገመድ አልባ ጆይስቲክ ላይ ጥብቅ ሁኑ። ተጫዋቹ ጨርሶ ሲነሣ ጆይስቲኩን ከማሽኑ ጋር ካላለያየው፣ ጥግ ላይ ተቀምጦ ቁልፉን ሲነካ የሌሎችን ግጥሚያ መሐል ላይ ሊያስቆም ይችላል። ባለ ገመዱ ከዚህ ሁሉ ያድናል። የኤሌክትሪክ ማከፋፈያም ከምታስቡት በላይ ያዙ።

ጥያቄ፦ የመመዝገቢያ ክፍያና የገንዘብ ሽልማት ይኑር?

የቦታውንና የመብራቱን ወጪ የሚሸፍን ክፍያ ይኑር፤ ስንት እንደተሰበሰበና በምን ላይ እንደዋለ ለሁሉም ይነገር። የሽልማት መዋጮው ግን ተለይቶ በፈቃደኝነት ይሁን። በየሳምንቱ የሚያሸንፉት እነዚያው ሁለት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም እንዲያዋጣ ከተገደደ ጀማሪዎች ለነባሮቹ ደመወዝ እየከፈሉ ነው ማለት ነው። ገንዘብ አዋጥቶ መወዳደር በሕግ ቁጥጥር የሚደረግበት አገር ብዙ ስለሆነ አስቀድማችሁ አጣሩ።

ጥያቄ፦ ዘግይቶ የሚመጣ ተጫዋች ምን ይደረግ?

ምዝገባ በተባለው ሰዓት ይዘጋ። ስሙ ተጠርቶ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ያልቀረበ በፎርፌ ይሸነፍ። ለምርጡ ተጫዋች አንድ ጊዜ ከጠበቃችሁ ግን ደንቡ በዚያው ቀን አብቅቷል።

ጥያቄ፦ አንድ ውድድር ላይ ሁለት ጊዜ ሄጄ ነበር። «ለሴት ጥሩ ትጫወቻለሽ» የሚለኝ አልጠፋም፤ አንዱን ሳሸንፈው ሰደበኝ። አዘጋጁ «እሱ ጠባዩ ነው፣ ልቡ ግን ደግ ነው» አለኝ። እኔ ራሴ ባዘጋጅ ምን ላድርግ?

እህቴ፣ ያ አዘጋጅ ማን እንዲቀር ማን እንዲሄድ ወስኗል፤ ውሳኔውም በጣም ያሳዝነኛል። አንቺ ደንብሽን ጽፈሽ በር ላይ ለጥፊ፤ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ምን እንደሚያስቀጣ፣ ቅጣቱ ምን እንደሆነ፣ አቤቱታ ለማን እንደሚቀርብ ይናገር። አቤቱታ ተቀባዮቹ ሁለት ይሁኑ፤ አቤቱታው በአንዷ ወይም በአንዱ ላይ ሊሆን ይችላልና። ለስድብ አንድ ማስጠንቀቂያ ይበቃል፣ ከደገመ ምሽቱን ይሂድ፣ ከዚያ በኋላ ለወራት ይታገድ። ያለፈቃድ መንካትና ማስፈራራት ግን ማስጠንቀቂያ የለውም።

የሚከብደው ጥፋተኛው ሁሉም የሚወደው ጎበዝ ተጫዋች ሲሆን ነው። «እሱ ከሄደ ውድድሩ ይሞታል» ይሉሻል። እሱን ሽሽት በጸጥታ የቀሩትን ግን ማንም አልቆጠራቸውም፤ ስለቀሩ አይታዩም። አባርሪው። ስትነግሪውም በሰው ፊት አይሁን፤ አንድ ምስክር ይዘሽ ለብቻው ንገሪው፣ ክርክርም አትክፈቺ።

ጥያቄ፦ የ15 ዓመት ልጄ መሄድ ይፈልጋል። እንደ አባት ምን ልጠይቅ?

የመጀመሪያውን ቀን አብረውት ይሂዱና ይቀመጡ። ስንት ሰዓት እንደሚያበቃ፣ ኃላፊው ማን እንደሆነ፣ ደንቡ የት እንደተለጠፈ ይጠይቁ። ጥያቄዎ ያስከፋው አዘጋጅ ካጋጠምዎ ልጁን ይዘው ይመለሱ። ጥሩ አዘጋጅ ወላጅ ሲመጣ ደስ ይለዋል።

ጥያቄ፦ ከጨዋታው ባለቤት ኩባንያ ፈቃድ ያስፈልጋል?

እንደ ኩባንያው ይለያያል፤ ብዙዎቹ ለአነስተኛ ውድድር የጻፉት መመሪያ አላቸው። ለምሳሌ ኒንተንዶ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ያለ ልዩ ፈቃድ በአካል የሚደረግ ውድድር ከ200 ተሳታፊ እንዳይበልጥ ወስኗል። በቀጥታ የምታሠራጩ ከሆነ ደግሞ ስለ ሥርጭት የሚለውን ክፍል ለይታችሁ አንብቡ።

ጥያቄ፦ ለሁለት ዓመት ብቻዬን አዘጋጅቻለሁ። ደክሞኛል፤ ካቆምኩ ግን ሁሉም ይበተናል ብዬ እፈራለሁ።

ወንድሜ፣ የደከመህ ብቻህን ስለያዝከው ነው። ሥራውን በትናንሹ ቆርሰህ አካፍል፦ አንዱ ምዝገባ ይያዝ፣ አንዱ ድልድሉን ይጥራ፣ አንዱ ገመድና ማከፋፈያ ይሰብስብ። «የሚረዳኝ ሰው አለ?» ብለህ ለሁሉም አትጠይቅ፤ ሁሉም ሌላው ይነሣል ብሎ ይቀመጣል። በስሙ ጠርተህ አንድ ሥራ ስጠው። ቀድመው ተሸንፈው እስከ መጨረሻ የሚቆዩትን ተመልከት፤ ጥሩ ረዳት ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከእነሱ መካከል ነው። በዚህ ሳምንት የበሩን ቁልፍ ሌላ አስቀርጸህ ለአንዱ ስጥ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ እንደማንኛውም ሰው ተመዝግበህ ተጫወት።