አዲስ ልጅ የጻፈውን ማን ይየው?

ለሰፈራችን በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች፣

ሰሞኑን ከእናንተ አንዷ ከዚራ ሰፈር አገኘችኝና አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ አዲስ የገቡ ልጆች የሚያወጡት ማስታወቂያ ነባር አባል ሳያየው አይለጠፍ ብለን ወሰንን። ልጆቹ ግን ተከፉ። መናቅ ነው አሉ። አንተ ምን ትላለህ?» (ድሬዳዋ ላይ አንቱታ ብዙም እንደማይዘወተር ለሌላ አገር አንባቢ ልንገር። አክብራኝ ነው አንተ ያለችኝ።) እዚያው መንገድ ላይ መልስ መስጠት አልቻልኩም። የቆየ ነገር ነካችብኝ።

ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998 ዓ.ም. ደቻቱ ወንዝ ሞላ። ብዙዎቻችሁ ያኔ ሕፃናት ነበራችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም አልተወለዳችሁም። ደቻቱን የምታውቁት ደረቅ አሸዋ ሆኖ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሰው ከመጋላ ወደ ከዚራ ይሻገርበታል። ዝናቡ የዘነበው ከላይ፣ ከደጋው ነው። ውሃው ሰው በተኛበት ደረሰ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቤት አልባ ሆነ።

እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ሰው ወደተጠለለበት አንድ ግቢ ስም መዝግቡ ተብለን ተላክን። የተገኙ፣ የጠፉና የሞቱ ለየብቻ ይጻፋሉ። እስክሪብቶ የያዘ ሁሉ ይጽፋል። ጽፎ የጨረሰ ግድግዳው ላይ ይለጥፋል። ማን ምን እንደለጠፈ የሚያይ ሰው አልተመደበም። በዚያ ድንጋጤ ውስጥ ይህን ማን ያስባል? በማንም አልፈርድም።

ከሚጽፉት አንዱ በዚያው ጠዋት የመጣ ወጣት ነበር። ጎበዝ ልጅ። እህል ሳይቀምስ ነው የዋለው። የሟቾችን ስም ከየቁራጭ ወረቀቱ ሰብስቦ በካሬ ወረቀት ላይ አሳምሮ ገለበጠው። ታዲያ የጻፈው ስም ከነአባት ብቻ ነው። አያት የለም። ዕድሜ የለም። ሰፈር የለም።

ድሬ ላይ ስም ከነአባት ብቻ ምን ያህል እንደሚያስኬድ ታውቃላችሁ። መጋላ መሃል ቆማችሁ «መሐመድ አህመድ!» ብላችሁ ብትጣሩ ስንቱ ነው ዞር የሚለው?

አንዲት እናት መጡ። ማንበብ አይችሉም። አጠገባቸው የቆመ ሰው በጣቱ እየተከተለ አነበበላቸው። የልጃቸው ስም ጋ ሲደርስ «ድገምልኝ» አሉት። ደገመላቸው። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ዘመዶቻቸው ደግፈው ወሰዷቸው። ለቅሶ ተቀመጡ።

ከሰዓት በኋላ ልጁ ራሱ በእግሩ መጣ። ሳቢያን ዘመድ ቤት አድሮ ኖሯል። ቤታቸው በእልልታ ተናወጠ አሉ። እኔ ግን ከዝርዝሩ አጠገብ ነበርኩና ሌላውን ወገን አየሁት። ስሙ እኮ የፈጠራ አልነበረም። የሌላ ሰው ልጅ ስም ነው። ያኛው ቤተሰብ ጠዋት ዝርዝሩን ሲያይ «ይሄ የእነእገሌ ልጅ ነው» ተብሎ፣ የራሱን ልጅ ከተገኙት ውስጥ ሲፈልግ ነው የዋለው። መርዶውን ማታ ሰማ። ቀኑን ሙሉ ተስፋ ካደረገ በኋላ።

ወጣቱን ሰው ፊት ጮኹበት። ምንም አልመለሰም። ወረቀቱን ከግድግዳው ላይ ላጠው፣ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ሄደ። በኋላ ብጠይቅ ጅቡቲ ተሻግሯል አሉኝ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው። ከመለጠፉ በፊት አንድ ሰው አጠገቡ ቁጭ ብሎ «አያቱስ? ሰፈሩስ?» ቢለው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ያ ሁሉ ጩኸትም በአንድ ልጅ ራስ ላይ ባልወረደ።

ስለዚህ የተከፉት ልጆች ይህን ይስሙልኝ። የጻፋችሁትን ሰው ይየው መባሉ እናንተንም ይጠብቃል። ሁለት ሰው ያየው ነገር ቢሳሳት ተጠያቂው ሁለት ነው።

ደግሞ ነባሮቹ አትኩሩ። ድሬ እኮ በ1895 ዓ.ም. ባቡር ሲደርስ የቆመች ከተማ ናት። ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ዓረቡ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ ሁሉ አንድ ቀን አዲስ ሰው ነበር። አባቴ የምድር ባቡር ጋራዥ ውስጥ ነው ዕድሜውን የጨረሰው። አዲስ ልጅ ያጠበቀውን ብሎን ነባሩ በእጁ ሳይነካው አያልፍም ነበር ይለኝ ነበር። ማንም አይከፋም። ለምን ቢባል፣ የነካው ሽማግሌም በጊዜው ተነክቶበታል።

ደንቡ ለሁሉም አንድ ይሁን። የሊቀመንበሩ የአክስት ልጅም ቢሆን አያመልጥም። ልጁ ሲመዘገብ በዚያው ቀን ይነገረው፤ ከጻፈ በኋላ ሲሰማው ነው የሚያመው። እኔ ብሆን የመጀመሪያዎቹን አምስት ወረቀቶች አያለሁ። እውነቱን ለመናገር አንዳንዱን ልጅ በአንዱ ወረቀት ታውቀዋለህ፣ አምስት መጠበቅ አያስፈልገውም። አንዳንዱ ደግሞ አሥርም አይበቃው። ሲበቃው ግን «ከዛሬ ጀምሮ ራስህ ለጥፍ» ብላችሁ በአፋችሁ ንገሩት። በዝምታ አትተዉት።

የሟች ስም፣ የጠፋ ልጅ ማስታወቂያና የደም ልገሳ ጥሪ የሃያ ዓመት አባልም ቢጽፈው በሁለት ሰው ይታይ። ስልክ ቁጥር ካለበት አንዱ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ሌላው በወረቀቱ ላይ ይከተል።

እስኪታይ የተያዘ ወረቀት አይደር። ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። አንባቢው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ እሱም ከሰዓት ጫት እየቃመ በርጫ ላይ ከዋለ፣ የጠፋው ልጅ ማስታወቂያ ኪስ ውስጥ ያድራል። ስህተት ሲገኝም ቀይራችሁ አትለጥፉ። ለጻፈው ልጅ መልሱለት፣ ምክንያቱን ንገሩት፣ ራሱ ያርመው። አለዚያ በሚቀጥለውም ያንኑ ይደግማል።

የዛሬ ልጆች ፍጥነታችሁን እወደዋለሁ። እኛ ሦስት ቀን የሚፈጅብንን እናንተ በአንድ ስልክ ትጨርሳላችሁ። ግን መታረም አትወዱም። አንድ ቃል ሲነካባችሁ ፊታችሁ ይለወጣል። እኛም በእናንተ ዕድሜ እንደዚያው ነበርን መሰለኝ፤ ልዩነቱ የእናንተ ወረቀት ከተማውን ለማዳረስ ደቂቃ አይፈጅበትም።

ለጠየቅሽኝ ልጅ፦ ሁለት አንባቢ ስትመርጪ ከሁለቱ አንዱ ሶማልኛና ኦሮምኛ አጥርቶ የሚሰማ ይሁን። ስም በጆሮ ሰምቶ በአማርኛ ፊደል ሲጻፍ ነው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው። ሌላው ደግሞ በቅርቡ «ራስህ ለጥፍ» የተባለ አዲስ ልጅ ይሁን። አዲሶቹ እሱን ይሰሙታል።