ቮልሷን ቀለም ከመቀባትሽ በፊት

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እንዴት ነህ? አባቴ ይነዳት የነበረች ነጭ ቮልስ ለእኔ ደርሳለች። እሱ ካረፈ ወዲህ ግቢያችን ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማ ነው የከረመችው። ሊብሬው 1967 ሞዴል ይላል፣ ቮልስ ያላቸው የሰፈር ልጆች ግን 68 ናት ይሉኛል። ያናገርኩት ጋራዥ ደግሞ “መጀመሪያ ቀለሟን እንጨርስና ሞተሩን ቀስ ብለን እናየዋለን” አለኝ። ልስማው? (ከኮተቤ)

መልስ፦ አባትሽን ነፍስ ይማር። ሳትሸጪያት መቆየትሽ በጣም ደስ ብሎኛል። ጋራዡን ግን አትስሚው። ቀለም የመጨረሻው ሥራ ነው። ያማረ ቀለም ተቀብታ ወለሏ የተበላ ቮልስ ብዙ አይቻለሁ፤ ዓመት ሳይሞላት ቀለሙ ተነፋፍቶ ይላላጣል፣ ገንዘቡም ይቀልጣል።

በሞዴሉ ክርክር እንጀምር፣ ቀላል ስለሆነ። የኋላ ወንበሩን አንሺ። መሀል ለመሀል በሚያልፈው የወለሉ ጉብታ ላይ የሻንሲ ቁጥሩ ተመትቷል። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ ሦስተኛዋ አኃዝ ዓመቱን ትናገራለች፦ በ117 ከጀመረ 67፣ በ118 ከጀመረ 68 ነው። ግን ቮልስዋገን የ68 ሞዴልን ማምረት የጀመረው በፈረንጆቹ 1967 ነሐሴ ላይ ስለሆነ ሊብሬውም ልጆቹም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ዋናው ነገር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር መግጠሙ ነው፤ ካልገጠመ አንድ ብር ሳታወጪ ያንን ጨርሺ።

ወንበሩን እንዳነሳሽ በቀኝ በኩል ባትሪው የሚቀመጥበትን ወለል እዪ። የባትሪ አሲድ ላሜራውን የሚበላው እዚያ ነው። ምንጣፉን ግለጪና በካቻቢቴ ጫር ጫር አድርጊው፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ከገባ ወለሉ ይቀየራል ማለት ነው። ቀጥሎ ከበሮቹ ሥር ከፊት ወደ ኋላ የሚሄዱትን ባዶ ቱቦዎች ተመልከቺ። ከሞተሩ የሚመጣው ሙቀት የሚያልፈው በእነሱ ነው፣ የመኪናዋን አካል ቀጥ አድርገው የያዙትም እነሱ ናቸው። ከዛጉ በያጁ በሮቹን ዘግቶ፣ አካሉን ከውስጥ በብረት ደግፎ ነው መበየድ ያለበት። ዝም ብሎ ቆርጦ ከጣላቸው አካሉ ይጎብጣል፣ ከዚያ በኋላ በሮቹ በምንም ተዓምር አይገጥሙም። ማግኔትም ይዘሽ ሂጂ፤ በስስ ጨርቅ ጠቅልለሽ በፓራፋንጎውና በበሩ ግርጌ ላይ አስጠጊው። የማይዝበት ቦታ ሥሩ ላሜራ ሳይሆን ስቱኮ፣ ማለትም መሙያ ልስን ነው።

ሞተሩን ደግሞ ቆማ እንደከረመች ባትሪ አስረሽ እንዳታስነሺው። ካንዴላዎቹ ይፈቱ፣ በየቀዳዳው ትንሽ ዘይት ጠብ ይደረግ፣ ይደር፣ ከዚያ ሞተሩ በእጅ ይዙር። የከረመው ቤንዚን ይደፋ። ዘይቱ ይቀየር፣ ሁለት ሊትር ተኩል ይበቃታል። የቮልስ ሞተር እንደ ዛሬዎቹ መኪኖች የሚጣል የዘይት ፊልትሮ የለውም፣ ከሥሩ መረብ ብቻ ነው ያለው፣ እሱ ይታጠብ። የቫልቮላው ክፍተት ሞተሩ በርዶ እያለ 0.15 ሚሊሜትር ላይ ይስተካከል፣ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩም ይታይ። መካኒኩ “በጆሮዬ እሰማዋለሁ” ካለሽ ሌላ መካኒክ ፈልጊ።

አሁን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝን ልንገርሽ። የቤንዚን ጎማዎቹን፣ ማለትም ቤንዚኑ የሚያልፍባቸውን የጎማ ቱቦዎች፣ አንድም ሳታስቀሪ ቀይሪያቸው። ከላይ ደህና የሚመስለው ያ በጨርቅ የተሸፈነው ጎማ ከውስጥ ይሰነጣጠቃል፣ ቤንዚኑም የሚንጠባጠበው በጋለ ሞተር ላይ ነው። የሞተሩ ቤት ደግሞ የማግኒዥየም ቅይጥ ነው፣ አንዴ ከተቀጣጠለ ውሃ ያባብሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ቮልሶች የሚቃጠሉት በዚህ ነው። የእሳት ማጥፊያ ከወንበርሽ ሥር ይኑር። ፍሬኑም እንደዚሁ ነው፦ የቆየው የፍሬን ዘይት ውሃ ስቧል፣ የፍሬን ሲሊንደሮቹ ነክሰዋል፣ የፍሬን ቱቦዎቹም ውስጣቸው አብጧል። እሱ ሳይታደስ ከግቢ እንዳትወጪ።

ሌላ አንድ ነገር አለ። በሞተሩ ዙሪያ ያሉት ጥቋቁር ላሜራዎችና ዙሪያውን የሚደፍነው ጎማ ጌጥ አይደሉም። ይህ ሞተር የራዲያተር ውሃ የለውም፣ የሚበርደው በአየር ነው። ሲፈታ አንዷ ላሜራ ተጥላ ከቀረች ሞተሩ የራሱን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። ስለዚህ ከመኪናዋ የወጣ ነገር ሁሉ፣ የዛገውም ቢሆን፣ በካርቶን ተደርጎ ይመለስልሽ። መለዋወጫ በሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ብዙ ነገር ይገኛል፣ የአባትሽ መኪና የራሷ ዕቃ ግን አይገኝም። እነዚያን የሰፈር ልጆችም ያዣቸው። የትኛው በያጅ ታማኝ እንደሆነ፣ ማን ትርፍ በር ቤቱ እንዳለው እነሱ ያውቃሉ። ቮልስ ያለው ሰው ዕቃ ሲለምኑት አይሰስትም።

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከሜሪላንድ ነው። ወንድሜ አዲስ አበባ ቮልስ እያደሰ ነው። ሻንጣዬ ውስጥ ምን ልያዝለት? ሞተር በመርከብ ልላክ?

መልስ፦ ሞተሩን ይተዉት ወንድሜ፣ እዚህ የሚያድሱ ጥሩ እጆች አሉ። የላሜራ ሥራም እዚሁ ይሠራል። ቸግሮን ያለው ጎማ ነው። የበርና የመስታወት ጎማ፣ የቤንዚንና የፍሬን ጎማ፣ የፍሬን ሲሊንደር፣ ፑንቲና (የካንዴላውን እሳት የሚያስነሳው የዲስትሪቢዩተር ዕቃ)፣ የሞተር ጓርኒሲዮን (ዘይት እንዳያፈስ በመገጣጠሚያው የሚገባው) ይያዙለት። ቀላል ናቸው፣ ቦታም አይዙም። መኪናዋ ሜክሲኮ ውስጥ እስከ 2003 ድረስ ስለተመረተች ዕቃው አሁንም በአዲስ ይሸጣል። ከሁለት ዋጋ ውድ የሆነውን ይምረጡ፣ ርካሹ ጎማ የአዲስ አበባን ፀሐይ አይችልም። ከመግዛትዎ በፊት ግን የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ፎቶ አንስቶ ይላክልዎት። በየዓመቱ የተቀየረ ነገር ስላለ “የቮልስ ነው” ብሎ መግዛት አያዋጣም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የቤንዚን መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ጓደኞቼ ቮልሴን ወደ ኤሌክትሪክ ቀይራት እያሉ ወጥረውኛል። ምን ትላለህ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ክልከላው አዲስ በሚገቡት ላይ እንጂ ያንተ መኪና ላይ አይደለም፣ አትጨነቅ። መቀየሩ ይቻላል። ቮልስዋገን ራሱ በ2019 ከአንድ የጀርመን ድርጅት ጋር ሆኖ የድሮዋን ቮልስ በኤሌክትሪክ ሠርቶ አሳይቷል። እኔ ብሆን አልቀይራትም፤ ያ ከኋላ የሚሰማው የሞተር ድምፅ የመኪናዋ ግማሽ አካል ነው። ከቀየርክም አንድም ላሜራ ሳይቆረጥ በብሎን ብቻ ይታሰር፣ የፍሬኑ ነገር ለባትሪው ክብደት እንደገና ይታይ፣ የወጣው ሞተር ዘይት ተቀብቶ ተሸፍኖ ይቀመጥ። የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ስላለ ሥራው ከመጀመሩ በፊት መንገድ ትራንስፖርት ሄደህ ጠይቅ፣ አለበለዚያ ቦሎ የምታድስ ቀን ትቸገራለህ።