መልስ፦ በትንንሾቹ የአውስትራሊያ ከተሞች የወታደር ሐውልት ለምን በዛ?

በየትንሹ የአውስትራሊያ ከተማ ለምን የወታደር ሐውልት እንዳለ ጠይቀሻል። ዋናው ምክንያት ቤተሰቦቹ አገር ቤት መቃብር ስላልነበራቸው ነው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት 60,000 ገደማ አውስትራሊያውያን ሞቱ። ያኔ የአገሪቱ ሕዝብ 5 ሚሊዮን እንኳ አይሞላም። አስከሬናቸው ከሞላ ጎደል ሁሉም ባሕር ማዶ፣ በተለይ ቱርክ ውስጥ ባለው ጋሊፖሊ፣ ፈረንሳይና ቤልጂየም ቀረ። መርዶውን ብዙ ጊዜ የሚያደርሰው ቄሱ ነበር። ስለዚህ ቄስ ሰፈር ውስጥ ብቅ ሲል እናቶች ይደነግጡ ነበር፤ የማን በር ያንኳኳ ይሆን? ይህን ሳስብ አንጀቴን ይበላኛል።

ከዚያ ነዋሪው ገንዘብ አዋጥቶ ሐውልት አቆመ። አበባ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ከሄድሽ ሐውልቱ ላይ የተቀረጹትን ስሞች ቀስ ብለሽ አንብቢያቸው። አንዳንዴ የአንድ ቤተሰብ ስም ሁለት ሦስቴ ይደጋገማል፤ ብዙ ጊዜ ወንድማማቾች ናቸው። ወደ ባሕር ማዶ የዘመተው ጦር በሙሉ ፈቃደኛ ስለነበር፣ በሕይወት የተመለሱትም ብዙ ቦታ ስማቸው ተቀርጿል።